ለውርጭ የተነጠፈ ደጅ

አክስቴ ልብስ የምትሰፋው ደጅ ላይ ነው። ቤቷ ጨለማ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ እሷም የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማሳለፍ ፀሐይ ያስፈልጋታል፤ ፀሐይ ደግሞ ለከተማችን ተነፍጋ አታውቅም። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ለሰማይ ጎረቤት ነን። ጠዋት ፀሐይ ከተራራው ትከሻ ብቅ ስትል አክስቴ ደጅ ላይ ትቀመጣለች፤ እስኪመሽ የሚያስነሳት የለም።

ጉዱ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ሌሊት ብርድ ልብስ ደራርቦ ይንዘፈዘፋል። በባልዲ የተረሳ ውሃ ሲነጋ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ ውሃ ነው። የአክስቴን ደጅ የጨረሰው ይኸው መጠጠርና መቅለጥ ነው። የተነጠፈው ሲሚንቶ በየዓመቱ ብርዱ ሲወጣ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። መጀመሪያ ልጣጩ ይነሳል፤ ቀጥሎ ጠጠሩ ያገጥጣል፤ ከዚያ ጉድጓድ ነው። ባለፈው ብርድ ማብቂያ ላይ የወንበሯ እግር እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አክስቴ ወደቀች። የተጎዳው የቀኝ እጇ አንጓ ነበር፤ የምትሰፋበት እጅ።

ታች ቆላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ይህን ስትሰማ ስልኩን አላስቀምጥ አለች። «ነይ አልኩሽ እኮ እማ! እዚህ ውርጭ የሚባል ነገር የለም። ምን አስቀመጠሽ?»

አክስቴ አሰበችበት። ከዚያ እኔ ባለሁበት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቃሏን ሰጠች። «ይሄ ደጅ አንድ ጊዜ ደህና ተደርጎ ይሠራ። ብርዱን ካለፈ አለፈ። እንደ ድሮው ከተላጠ ግን የስፌት መኪናዬን ጭኜ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። መሬቱ አልፈልግሽም እያለኝ ግድ አልለውም።»

እኔ እናቴን አላውቃትም። እናት የሚለውን ቃል የማውቀው በአክስቴ ድምፅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩትም በእሷ መርፌ ነው። ግንበኛ ከሆንኩ በኋላም የማድረው እሷ ጋ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አልገጥምም፤ ሥራ ቦታ ላይ ጓደኞቼ ሲጫወቱ እኔ ደመና ስመለከት ምሳ ሰዓት ያልፋል። ማታ ስመለስ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እሰማና ቤት እንዳለኝ አውቃለሁ። እሷ ከሄደች ያ ቤት አራት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ደጁን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ አለ። ከተማው በሙሉ መስታወት እያለ ነው የሚጠራው፤ የወጣለት ስም ከሊሾው፣ ከሚያብረቀርቀው የሲሚንቶ ወለሉ፣ የመጣ ነው። ሥራውን የተማረው ሞቃት አገር ነው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንስበታል፤ ውሃ በእጁ ረጨት ረጨት ያደርግበታል፤ ከዚያ በብረት ማንኪያው ያሸዋል፣ ያሸዋል፣ ፊት እስኪያሳይ። «ወለሌ ላይ ከመቆምህ በፊት ጥርስህን ፋቅ፤ ያሳጣሃል» ይላል ለቤቱ ባለቤት። የአክስቴን ደጅም ያነጠፈው እሱ ነው፤ በተላጠ ቁጥርም በቦያካ፣ በቀጠነ ሲሚንቶ፣ የለቀለቀው እሱ ነው። ለመላጡ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አያጣም። አንድ ጊዜ ሲሚንቶው ነው፤ አንድ ጊዜ አሸዋው ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ «አንቺ ፔዳሉን እንደ ፈረስ ስለምትረግጪው ነው» ብሏት አክስቴ መቀሷን አንስታበታለች።

አሮጌውን ንጣፍ ማፍረስ የጀመርን ቀን እኔ በመዶሻ እመታለሁ፤ እሱ ጉልበቱ እምቢ ስላለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዛል። ከውሃው በርሜል ጀርባ ያለችው ጥግ ጋ ስደርስ መዶሻው ነጠረ። ደገምኩት፤ ነጠረ። በርሜሉን ገፋ አድርጌ አየሁ። ጥጓ ሻካራ ናት፣ አስቀያሚ ናት፤ ግን ምንም አልሆነችም። አንድ ጠጠር እንኳ አላገጠጠባትም።

ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

«ፈላስፋው!» አለ መስታወት። «ድንጋዩ ያወራሃል እንዴ? ምን አለህ?»

«ጋሼ፣ ይቺን ጥግ ለምን ሊሾ አላደረግሃትም?»

ራሱን አከከ። «እሷማ… ዝናብ መጣብኝ። እመለሳለሁ ብዬ ቀረሁ። በርሜል ይሸፍናታል አልኩ። ምነው፣ ዛሬ ልትከሰኝ ነው?»

ከተላጠው አንድ ቅርፊት አነሳሁ። እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ታቹን በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ወስጄ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ጋሼ፣ የተላጠው ያሸኸው ብቻ ነው። ያልነካኸው እንዳለ አለ።»

ቅርፊቱን አገላብጦ አየው። ታቹን እሱም በጣቱ ፈተገው፤ ዱቄቱ ሱሪው ላይ ረገፈ።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ብውል ኖሮ ደጁ ይኖር ነበር ነው የምትለኝ?»

«እጅህ አይደለም ጋሼ። የምትረጨው ውሃ ነው። ላዩን አቀጠነው። እታች አገር ችግር የለውም፤ እዚህ ግን ያ ስስ ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ማታ ውሃው ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ያብጣል፣ ቆዳውን ገፍቶ ያነሳዋል።»

«ውሃ ያብጣል?»

«ጠርሙስ ሞልተህ ደጅ አሳድረው።»

አላሳደረውም፤ አመነኝ መሰለኝ። ቅርፊቱን ግን አልጣለውም፤ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌሊትና ቀን ራሴ ውስጥ ይዞር ጀመር። ውሃ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ካጣ ይሰብራል። ታዲያ ቦታ ቢሰጠውስ? የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄጄ ስጠይቅ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ስር አቧራ የለበሰች ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። «ለብርድ አገር ነው ብለው ያመጡት፤ የሚጠይቀኝ ሰው የመጀመሪያው አንተ ነህ» አለ። ጀሪካኗ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ጥቂት ጠብ ሲደረግ ኮንክሪቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአየር አረፋዎች ያኖራል ይላል። ያበጠው ውሃ የሚጠጋባቸው ትናንሽ ጓዳዎች ማለት ነው። መንገድ ላይ ሳስበው አንድ ሙሉ ከተማ ታየኝ፤ በር በሩ ተከፍቶ እንግዳ የሚጠብቅ።

መስታወት ሲሰማ ሳቁ አንቆ ሊገድለው ነበር። «ሰው አየር እንዲወጣለት ኮንክሪቱን ይደበድባል፣ አንተ አየር ገዝተህ ትጨምራለህ! አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ልጅ ትምህርት ቤት የላክሽው ለዚህ ነው?»

«ዝም በል» አለችው አክስቴ ከውስጥ። «ያንተን አይተነዋል።»

ጠጠር የሚያመጣልን ሾፌር መኪናው ተበላሽቶበት ስለዘገየ፣ ኮንክሪቱን የሞላንበት ቀን ብርዱ ሊገባ ደጅ የሚያንኳኳበት ሰሞን ሆነ። አፈሩን ቆፍረን አውጥተን ጠጠር ሞልተን ጠቅጥቀናል፤ ከታች የሚመጣ ውሃ እንዳይቆም። ወለሉን ከቤቱ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል አድርገነዋል፤ ከላይ የሚመጣውም እንዳይተኛ። ከሾፌሩ በተዋስናት ማደባለቂያ ውስጥ ከጀሪካኗ ጥቂት ጠብ አደረግሁ፤ ውሃውን ግን በስስት ነው ያፈሰስኩት።

«ጨምር እንጂ!» ይላል መስታወት። «ይሄ እኮ አይፈስም። ገንፎ እንኳ ከዚህ ይቀጥናል።»

«እንዲፈስ አይደለም ጋሼ፣ እንዲቆም ነው።»

«አፍ አለህ!»

ሞልተን በቀጥተኛ ጣውላ አስተካክለን ስንጨርስ ላዩ ላይ ውሃ ማቅረር ጀመረ። መስታወት ማንኪያውን ይዞ ተነሳ። እኔ ፊቱ ቆምኩ።

«ውሃው ራሱ እስኪሄድ አትንካው።»

«እስከዚያ ምን ልሥራ?»

«ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። እጁ ግን አልተቀመጠም፤ ማንኪያውን ሱሪው ላይ ያሸው ነበር። አክስቴ በሩ ላይ ሆና «ሚስቱ ምጥ ላይ ያለችበት ሰው ነው የሚመስለው» አለች። ውሃው ቀስ በቀስ ጠፍቶ ላዩ ሲደበዝዝ በእንጨት ማሻሻ ብቻ አስተካከልነው፤ ብረት አላስነካሁትም። ከዚያ መጥረጊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ጎተትኩበት፤ የሚረግጠው ሰው እንዳያዳልጠው። ንጣፉ ስስ ስስ መስመር ለበሰ።

«ኮርዶሮይ አስመሰላችሁት» አለች አክስቴ። ጨርቅ ካልሆነ ነገር አይታያትም። በመሃሉ ደግሞ ጥልቅ መስመር እየቀደድኩ ስከፋፍለው «እሱስ ምንድነው?» አለች።

«መሰንጠቁ ካልቀረ በዚህ ይሰንጠቅ ብዬ ነው እትዬ።»

«አዎ» አለች እንደ ሙያ ጓደኛ። «ስፌት የሌለው ልብስ የትም ይቀደዳል።»

መስታወት ግን ንጣፉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ከተማው አይቶ እጁ ተሰበረ ይለኛል።»

ማደባለቂያዋን መመለስ ነበረብኝ። የምንሸፍንበትን ላስቲክና ደረቅ ጭድ ግድግዳው ሥር አዘጋጅቼ፣ «ስመለስ አብረን እንሸፍነዋለን፤ ብቻ ማንም አይርገጠው» ብዬ ከሾፌሩ ጋር ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰማዩን አየሁ። ጥርት ብሏል። አንዲት ደመና የለችም። እንዲህ ያለ ሰማይ እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን ሾፌሩን ፍጠን አልኩት፤ በጠራ ሰማይ ማግስት የሚነጋው ውርጭ ነውና።

ስመለስ ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። መስታወት ባዶ ባልዲ ይዞ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ ደጁ ጫፍ ላይ ቆሟል። ንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ለብሷል። ጭዱንም አጠጥቶታል።

«ሳትደክም ልጨርስልህ ብዬ» አለ። «ማንም አልረገጠውም። ጥግብ አድርጌ ነው ያጠጣሁት።»

 እሱ ምን ያድርግ? አርማታ ውሃ ካልጠጣ ይሞታል ብለው ነው ያሳደጉት፤ እኔንም ያሳደገኝ እንደዚያው ብሎ ነው። እታች አገር ደግሞ እውነት ነው።

«ጋሼ… ሌሊት ይጠጥራል።»

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ቀጥሎ ባልዲውን አየ። ባልዲው ከእጁ ወደቀ።

አክስቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ሁለታችንንም አየች። የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያዋን ጎትታ አመጣችና ደጁ ዳር ዘረገፈችው። «ምን ትጠብቃላችሁ? ምጠጡት!»

ጣውላ አጋድመን በደረታችን ተኛንበት። ጨርቁን ቀስ ብለን እያሳረፍን፣ እያነሳን፣ እየጨመቅን ውሃውን መጠጥነው። መስታወት ጉልበቱን ረስቶ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ሲያልፍ ለራሱ ሲያጉተመትም ይሰማኛል። «አሮጌ። አሮጌ። አሮጌ።» ፀሐይዋ ጠፋች፤ ብርዱ ከመሬት እግራችን ላይ መውጣት ጀመረ። ከግድግዳው ሥር ያለችው ቁራጭ ላይ ግን ውሃው ቆይቶ ገብቶ ነበር፤ የምንመጠው አልቀረልንም።

ላስቲኩን ዘረጋንበት። ከላዩ የምናለብሰው ደረቅ ነገር ግን የለም። ጭዱ ይንጠባጠባል።

አክስቴ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ የአልጋዋን ብርድ ልብሶች ተሸክማለች። ዘረጋቻቸው፤ አልበቁም። ተመልሳ ገባች። አሁን ይዛ የወጣችው ጥቅል ሱፍ ነው፤ ደንበኞች ኮት ስፊልን ብለው ያመጡት፣ እጇን ታጥባ ካልሆነ የማትነካው።

«እትዬ፣ የሰው ነው እኮ!»

«ሰውየው እስከ ነገ ኮት አይለብስም።»

«ሲሚንቶ ቢነካውስ?»

«ላስቲክ አለ አይደል እንዴ? ዘርጋ!»

ቀጥላ ፍራሿን ጎተተች። ከበሩ ሲያልፍ ተሰክቶባት በትከሻዋ ትገፋዋለች፤ በዚያ በተጎዳ እጇም ጫፉን ይዛ አትለቅም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ገብቶኝም ዝም ማለት አቃተኝ።

«እትዬ… ቢበላሽ ልጅሽ ዘንድ ትሄጂ የለ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታለች። «አፍህን ዝጋና ጫፉን ያዝ!»

ጫፉን ያዝኩ። በሕይወቴ የያዝኩት ፍራሽ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ያን ሌሊት ሦስታችንም ያለንን ልብስ ሁሉ ለብሰን ወንበር ላይ አሸለብን። ሲነጋ በመስታወት ባልዲ ውስጥ የቀረችው ውሃ ጠጥራ ነበር።  ፍራሹን አነሳሁ፤ ሱፉን ገለጥኩ፤ ላስቲኩን ከፍ አድርጌ እጄን አስገባሁ። ኮንክሪት ሲጠነክር የራሱ ሙቀት አለው፤ ከለበሰ ይይዘዋል። ለብ ይል ነበር፣ ልክ አሁን ሰው እንደተነሳበት አልጋ።

«እ?» አለ መስታወት።

«ንካው።»

ነካው። መዳፉን እዚያው እንደተወ ዓይኑን ጨፈነ። «ከእኔ አልጋ ይሞቃል» አለ፤ አክስቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ብርዱ እንደልማዱ ገባ። በየጠዋቱ ደጁ አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ በየረፋዱ ይቀልጥና ውሃው በዘንበላው ሄዶ ይጠፋል። እኔ በየቀኑ ሥራ ከመሄዴ በፊት በጉልበቴ ተንበርክኬ አያለሁ። ከግድግዳው ሥር ያለችው ያቺ ቁራጭ ብቻ ሳሳች፤ ከዚያ ልጣጭ አነሳች፤ ስፋቷ መዳፌን ያክላል። ለአክስቴ አልነገርኳትም። አይታታለች። እሷም አልነገረችኝም።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ነርሷ ሳህን ይዛ ደጃችን ላይ ስትበትን አክስቴ ደረሰችባት።

«አንቺ! ምንድነው?»

«ጨው ነው እትዬ። በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ደግሞ እንዳትወድቂ ብዬ ነው።»

«ያቀልጥና ውሃውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል! ማታ ተመልሶ ይጠጥራል! ኮንክሪት ገና ልጅ እያለ ጨው አይሰጠውም፤ አታውቂም? ስንቱን ሕፃን አሳድገሽ!» ቃሉ የእኔ ነበር፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ትእዛዝ ሆነ። «ደግ ልሥራ ካልሽ አሸዋ አምጪ። ጨውሽን ለድስትሽ።»

ነርሷ እየሳቀች ጠረገችው። ከዚያ ቀን ወዲያ አሸዋ በጣሳ እያመጣች ትበትንልን ነበር።

ብርዱ ሲወጣ፣ የተራራው ጫፍ ራሱ አመዳዩ ለቆት መጥቆር ሲጀምር፣ ልጇ ከታች መጣች። መኪናዋን በራችን ላይ አቁማ የኋላ ወንበሩን ከወዲሁ አጥፋለች፤ ለዕቃ። አክስቴ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ እየሰፋች ነው። መስታወትም ነበር፤ ሰው ሲያልፍ «ኮርዶሮይ ነው፣ አዲስ ፋሽን» እያለ ማስረዳት ከጀመረ ሰንብቷል።

«እማ፣ ተዘጋጀሽ?»

«ግቢ መጀመሪያ፣ ሳሚኝ።»

ሳመቻት። ዓይኗ ግን መሬት መሬት ይላል። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ጉድለት አያመልጣትም። ግድግዳው ሥር ደርሳ ቆመች።

«ይኸው! ተላጠ። ከተላጠ እመጣለሁ ብለሻል። በጆሮዬ ነው የሰማሁሽ።»

 መስታወት ከወንበሩ ተነሳ።

«እሷ የኔ ናት» አለ። «ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ልጁ የሠራው ያ ሁሉ ነው።» በእጁ ደጁን በሙሉ አሳየ። «የሱን ልስደብ ካልሽ እዚያ ሂጂና ፈልጊ።»

አክስቴ የስፌት መኪናዋን ጎማ በመዳፏ አቆመች። ተነስታ መጣችና ቁጢጥ አለች። የተላጠችውን ቁራጭ በጣቷ ዳሰሰቻት። ከዚያ እጇን ወደተቀረው ንጣፍ ወሰደች፤ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሁሉ ቀስ ብላ እያሻሸች ክንዷ እስከደረሰበት ሄደች። መዳፏ ላይ ዱቄት አልቀረም።

«ያለ አንድ ጎባጣ ስፌት የወጣ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም» አለች። «ለዚያ ብሎ ኮቱን የጣለ ደንበኛም አላየሁ።»

«አትመጪም ማለት ነው?»

«እመጣለሁ እንጂ። የልጅ ልጆቼ ናፍቀውኛል። እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፣ አስተናግደሽ ትመልሺኛለሽ።»

«ብርዱስ እማ?»

«ከብርዱ ጋር ተለካክተናል።» ተነሳች። ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አወረደች። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ እስኪ።»

«ምንድነው?»

«ኮት ነው። በሚመጣው ብርድ ልትጠይቂኝ ስትመጪ በዚያ በስስ ነገር ልትመጪ ነው?»

ልጇ ወደ እኔ ዞረች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ረጅም ተነፈሰችና ቦርሳዋን ንጣፉ ላይ አስቀምጣ ክንዶቿን ዘረጋች።

«እጅጌውን አታሳጥሪው ብቻ። ባለፈው አሳጥረሽብኛል።»

«ያኔ የለካሁሽ ቤት ውስጥ ነዋ፤ አላየሁሽም። ወደ ፀሐይዋ ዙሪ።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተስ ምን ገትሮሃል? ቁጥሩን ያዝልኝ እንጂ!»

ያዝኩላት፤ ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ፣ እንዳልረሳ ድምፄን ከፍ አድርጌ እየደጋገምኩ።